ደረጃው ጥግ ላይ ሲደርስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቤት እየተሠራ ያለበት ሁሉ። የሚጠይቁትም ስለ እንጨት ደረጃ ነው። ደስ ብሎኛል። ሰው ለበሩና ለኪችን ካቢኔቱ ወራት ይጨነቃል፤ ደረጃው ግን መጨረሻ ላይ "አናጢው ያውቀዋል" ተብሎ ይተዋል። ልጁም አዛውንቱም ሌሊት በጨለማ ሳይቀር የሚረግጠው እሱ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለደረጃ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለገጣፎ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እየሠራን ነው። ሶሌታው ተሞልቷል፣ ሊሾና ልስን ገና ነው። ደረጃው የእንጨት እንዲሆን ፈልገናል። ከሳሎን ተነስቶ ጥግ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከታችኛው ኮንክሪት እስከ ላይኛው ሶሌታ ላይ 3 ሜትር ከ15 ነው። በአንደኛው ግድግዳ 2 ሜትር ከ60፣ በሁለተኛው 3 ሜትር ከ60 ቦታ አለን፤ የደረጃው ስፋት 90 ሴንቲ ነው። አናጢያችን "ማረፊያ አይበቃም፣ ጥጉን በሦስት ማራገቢያ ደረጃ፣ ማለትም በአንድ ጫፉ ጠባብ በሌላው ሰፊ በሆነ ደረጃ፣ እናዞረዋለን" ብሎናል። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷን ያማታል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አስበሽ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ማረፊያ ይበቃል። እንዴት እንደሚበቃ አሳይሻለሁ፤ ግን ከቁመቱ እንጀምር፣ የደረጃ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

3 ሜትር ከ15 የኮንክሪቱ ልክ ነው፣ የደረጃው አይደለም። ታች ሊሾና ሴራሚክ ይገባል፤ ወለሉ 7 ሴንቲ ይነሳል እንበል። ላይ ደግሞ ፓርኬው ከነሥሩ 3 ሴንቲ ይጨምራል። ከ315 ላይ 7 ቀንሺ፣ 3 ጨምሪ። ደረጃው የሚወጣው 311 ሴንቲ ነው። አናጢው ዛሬ ያለውን ለክቶ ለ18 ቢያካፍለው እያንዳንዱ ደረጃ 17 ሴንቲ ተኩል ይሆንለታል፣ ወረቀት ላይም እንከን አይወጣለትም። ወለሉ ሲያልቅ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ወደ 10 ሴንቲ ተኩል ይወርዳል፣ የመጨረሻው ደግሞ 20 ሴንቲ ተኩል ይሆናል። ሰው ደረጃ ሲወጣ እግሩን እያየ አይወጣም። ሁለት ሦስት ደረጃ እንደረገጠ እግሩ ልኩን ይይዝና በዚያው ይቀጥላል። ልኩ በድንገት ሲለወጥ፣ ሲወጣ ይደናቀፋል፣ ሲወርድ ደግሞ ይወድቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሴራሚኩንና የፓርኬውን ውፍረት ወስኑ። ከዚያ በውሃ ጎማ አድርጋችሁ የተጠናቀቀው ወለል የት እንደሚደርስ ከታችም ከላይም ግድግዳው ላይ አስምሩ። አናጢው ከመስመር እስከ መስመር ይለካ። ይሄ ሳይሆን አንድም ጣውላ እንዳይቆረጥ።

311 ለ18 ሲካፈል 17 ሴንቲ ከ3 ሚሊ አካባቢ ይመጣል። ጥሩ ቁመት ነው፣ ጉልበት አያስጨንቅም። ቀጥሎ መርገጫው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሷ ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት ያወጣው ስሌት አለ፣ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። የአንዱን ደረጃ ቁመት ሁለቴ ወስደሽ የመርገጫውን ጥልቀት ስትጨምሪበት ከ60 እስከ 65 ሴንቲ መምጣት አለበት። ሰውየው ያሰበው እግርን ወደ ላይ ማንሳት ወደ ፊት ከመራመድ እጥፍ ይከብዳል ብሎ ነው፤ ድምሩ አንድ የሰው እርምጃ ይሆናል።

አናጢያችሁ 28 ሴንቲ መርገጫ ይዞ አስቦ ይመስለኛል። በ28 ከሆነ እውነቱን ነው። ጥጉ 90 በ90 ይወስዳል። ከ2 ሜትር ከ60ው 1 ሜትር ከ70 ይተርፋል፣ 6 መርገጫ ይይዛል። ከ3 ሜትር ከ60ው 2 ሜትር ከ70 ይተርፋል፣ 9 መርገጫ ብቻ። 6 እና 9፣ 15። ማረፊያው ራሱ እንደ አንድ መርገጫ ስለሚቆጠር 16። 18 ቁመት ያለው፣ ማለትም 18 ጊዜ ወደ ላይ የሚነሳ ደረጃ ደግሞ 17 መርገጫ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቁመት የሚያርፈው ላይኛው ወለል ላይ ነውና አንድ ይቀንሳል። አንድ መርገጫ ጎደለ ማለት ነው።

አሁን መርገጫውን ወደ 27 አውርጂው። 6ቱ 1 ሜትር ከ62 ይወስዳሉ፣ ይገባሉ። በሌላው በኩል 270 ለ27 ሲካፈል ልክ 10። 6፣ ማረፊያው፣ 10፤ ድምር 17። ስሌቱንም እንየው፤ 17.3 ሁለቴ 34.6፣ 27 ሲጨመር 61.6፤ ደህና ነው። እያንዳንዱ መርገጫ ወደ ፊት 3 ሴንቲ ወጣ እንዲል ካደረጋችሁ እግር የሚያርፍበት 30 ሴንቲ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ። 3 ሜትር ከ60ው ልስን ከገባ በኋላ የሚተርፍ ልክ መሆን አለበት። በዚያ በኩል አንድ ሴንቲ እንኳ ትርፍ የለንም። ላይኛው ሶሌታ ላይ ያለው ክፍት ቦታም ይታይ፤ ከየትኛውም መርገጫ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲለካ ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት መኖር አለበት፣ አለዚያ ረጅም ሰው ግንባሩን ይመታል።

ማራገቢያ ደረጃ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቦታ ሲያጥር ሌላ መላ የለም። ግን ሦስቱ ደረጃዎች 90 ዲግሪውን ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። በውስጠኛው ጥግ ከቆመው ቋሚ እንጨት 45 ሴንቲ ርቆ በመሐል ለሚሄድ ሰው የሚረገጠው 23 ሴንቲ ተኩል አካባቢ ነው። ይሄ ይቻላል። እናትሽ ግን በመሐል አይሄዱም። መደገፊያውን ይዘው ነው የሚሄዱት፣ መደገፊያው ያለው ደግሞ ጠባቡ ጋ ነው። ከቋሚው 15 ሴንቲ ላይ መርገጫው 8 ሴንቲ አይሞላም። የሴት ወይዘሮ ጫማ ግማሹ እንኳ አያርፍበትም።

የግድ የሆነባችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ጥበቱን በሦስቱ ላይ ብቻ አትቆልሉት። ከጥጉ በፊት ያለውን አንዱን ደረጃና ከጥጉ በኋላ ያለውን አንዱን ጨምራችሁ ትንሽ ትንሽ አዙሯቸው፣ በአምስት ላይ ሲካፈል ጠባቡ ጫፍ ይሰፋል። በግድግዳው በኩልም፣ ሰፊው ጋ፣ ሁለተኛ መደገፊያ ይግባ። ሽማግሌ ሰው ሰፊውን እየረገጠ የሚይዘው ያገኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቡራዩ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በርና መስኮት እችላለሁ፣ ደረጃ ላይ አዲስ ነኝ። አሁን የያዝኩት ደረጃ ማረፊያ ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ሁለቱን መደገፊያዎች እንደ በር ፍሬም በ45 ቆርጬ ላጋጥማቸው ስል አልገጥም አሉኝ። መጀመሪያ ነገር ከፍታቸው አይገናኝም። በግድ ሳገናኛቸው ደግሞ ጠርዛቸው ይበላለጣል። ማሽኑ ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽንህ ደህና ነው። ያጋጠመህ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ አንድ ላይ ስለመጡ ነው ግራ ያጋቡህ።

የከፍታውን እናስቀድም። መደገፊያ የሚሄደው በደረጃዎቹ አፍንጫ (በመርገጫዎቹ የፊት ጠርዝ) ላይ በሚያልፈው መስመር ትይዩ ነው፣ ከአፍንጫው ቀጥ ብሎ 90 ሴንቲ ከፍ ብሎ። አሁን ማረፊያህን አስበው። የታችኛው ተራ የመጨረሻ ቁመትና የላይኛው ተራ የመጀመሪያ ቁመት ሁለቱም ልክ ጥጉ ላይ ካረፉ፣ ሁለቱ የመደገፊያ መስመሮች ጥጉ ላይ ሲደርሱ በአንድ ደረጃ ቁመት ይለያያሉ። ቁመትህ 17 ሴንቲ ከሆነ ልዩነቱም 17 ሴንቲ ነው። ምንም ብትቆርጥ አይገናኙም።

መፍትሔው ደረጃው ሳይሠራ በፊት ነው ያለው። መደገፊያው ከሚታጠፍበት ነጥብ ተነስተህ፣ የታችኛውን የመጨረሻ ቁመት ግማሽ መርገጫ ወደ ኋላ አርቀው፤ የላይኛውንም የመጀመሪያ ቁመት ግማሽ መርገጫ ወደ ፊት አርቀው። መርገጫው 27 ከሆነ 13 ሴንቲ ተኩል፣ 13 ሴንቲ ተኩል። የግድ እኩል መሆን የለባቸውም፤ ሁለቱ ርቀቶች ተደምረው አንድ ሙሉ መርገጫ ይሙሉ እንጂ። ያኔ ሁለቱ መስመሮች ጥጉ ላይ በአንድ ከፍታ ይገናኛሉ። ይህን ወለል ላይ በጠመኔ አስምረህ ሞክረው፣ ወዲያው ይገባሃል። ደረጃው አልቆ ከሆነ ግን ጥጉ ላይ ወፍራም ቋሚ አቁም፣ 10 በ10 ቢሆን ጥሩ ነው። የታችኛው መደገፊያ ዝቅ ብሎ ይግባበት፣ የላይኛው በሌላው ፊቱ ከፍ ብሎ ይውጣ። ቋሚው ሁለቱንም እንዲሸፍን ረዘም ይበል። ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ብዙ የሚያማምሩ አሮጌ ቤቶች ያሉት እንደዚህ ነው፣ ጥንካሬውም ከሁሉም ይበልጣል።

ሁለተኛው ችግር የጠርዙ መበላለጥ ነው። በር ፍሬም ላይ ሁለቱም እንጨቶች በአንድ ጠፍጣፋ ላይ የተኙ ናቸው፤ 45 የሚሠራው ለዚያ ነው። ያንተ መደገፊያዎች ግን ሁለቱም ዘንበል ብለዋል። የታችኛውን በ45 ስትቆርጠው የውጪው ጠርዝ ወደ ፊት ይረዝማል፣ ወደ ፊት ሲረዝም ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። የላይኛውን ስትቆርጠው የውጪው ጠርዝ ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ይወርዳል። መሐላቸው ይገናኛል፣ ጠርዛቸው በተቃራኒ ይሸሻል። 5 ሴንቲ ስፋት ባለው መደገፊያ፣ 27 በ17 በሆነ ደረጃ ላይ፣ ልዩነቱ 3 ሴንቲ አካባቢ ነው። በስቱኮ የሚሞላ አይደለም፣ በመላጊያም የሚያልቅ አይደለም።

ስለዚህ ዘንበል ያለውን ከዘንበል ያለው ጋር ጥግ ላይ አታጋጥም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ወደ ጠፍጣፋ አምጣው። የታችኛው ጥጉ ጋ ሳይደርስ አጭር አግድም ቁራጭ ይቀጠልበት፤ የላይኛውም እንደዚሁ። ሁለቱ አግድም ቁራጮች በአንድ ከፍታ ላይ ስለተኙ በ45 ቆርጠህ ታጋጥማቸዋለህ፣ እንደ ፍሬም ይገጥማሉ። ቁራጮቹ በረዘሙ ቁጥር ቁመቶቹ ከጥጉ በዚያው ልክ መራቅ አለባቸው፣ ያንን አትርሳ። መደገፊያውን ከአንድ ወፍራም ግንድ ጠርቦ እየጠመዘዙ ማዞር የሚችሉ አናጢዎችም አሉ፣ ትልቅ ሙያ ነው፣ ከልቤ ነው የማከብረው። ግን በመጀመሪያ ደረጃህ ላይ አትጀምረው።

የዘንበሉና የአግድሙ መጋጠሚያ ስንት ዲግሪ ነው ብለህ ፕሮትራክተር አትፈልግ። እንዲህ አድርግ። ሊሾ ወለል ላይ ወይም ሙሉ ኮምፔርሳቶ ላይ የመደገፊያውን መስመር በእውነተኛ ልኩ ሣለው፣ ዘንበሉን ከላይና ከታች ጠርዙ፣ አግድሙንም ከላይና ከታች ጠርዙ። ዘንበል የሚለውን እንጨት በሥዕሉ ላይ አስተኛ። አግድሙን ከላዩ ደርበህ በራሱ መስመር ላይ አስተኛ። ሁለቱ የላይ ጠርዞች የሚቋረጡበት ነጥብ አለ፣ ሁለቱ የታች ጠርዞች የሚቋረጡበትም ነጥብ አለ። በቀጭን የተቀረጸ እርሳስ ሁለቱን ነጥቦች ምልክት አድርግና በስኳድራ ጫፍ አገናኛቸው። መቁረጫ መስመርህ እሱ ነው፣ ለሁለቱም። አንግሉን ለሁለት እኩል ከፍሎታል። መስመሩን አትብላው፤ መጋዙ ከመስመሩ ውጪ ይሂድ፣ የቀረውን በመላጊያ አምጣው።

ለቀሪው አንግል በሙሉ አንድ ፎርማ ይበቃሃል። ከኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ፣ ስኳድራ አስይዘህ፣ አንዱን ጎን የመርገጫውን ልክ ሌላውን የቁመቱን ልክ አድርገህ ሦስት ማዕዘን ቁረጥ። ተሸካሚው ጣውላ ላይ ደረጃዎቹን የምታሰምረው በእሷ ነው። የቋሚዎቹን አናት የምትቆርጠውም በእሷ ነው። የመደገፊያው ጫፍ ግድግዳ ጋ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍም እሷው ናት። ከአንድ ፎርማ የወጣ ሁሉ እርስ በርሱ ይስማማል። ማሽን ላይ ዲግሪ ስታነብ ግን ግማሽ ዲግሪ ትስታለህ፣ ሦስት ሜትር መደገፊያ ላይ ግማሽ ዲግሪ ሁለት ሴንቲ ተኩል ይሆናል።

መጋጠሚያውን በኮላ ብቻ አትመነው። የእንጨት ጫፍ ኮላውን ይጠጣዋል። መጀመሪያ ስስ አድርገህ ቀባው፣ ሲጠጣ ድገመው። ከውስጥ ሁለት የእንጨት ችንካር አስገባ፣ ከታች በኩል ደግሞ ረጅም ቪቴ እሰር፣ ራሱ ገብቶ ይደፈን። በብርጭቆ ወረቀት ከጨረስክ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ከታች እስከ ላይ አሳልፍበት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ግቢዬ ዳር ያረጁ ነጭ ባሕር ዛፎች አሉኝ። ለልጄ ቤት ደረጃ ይሆናሉ? ወይስ ዋንዛ ልፈልግ? ጎረቤቴ ያሠራው ደረጃ በክረምት ጥርቅም ብሎ ገጥሞ ነበር፣ ጥር ላይ ሰነጣጠቀበት።

መልስ፦ አባቴ፣ ይሆናሉ። ግን አሁን አይደለም።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ለመርገጫ ጥንካሬው ራሱ ሀብት ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን ሲተከል ለማገዶና ለቤት ማቆሚያ ነበር የታሰበው፣ እኛም እስከ ዛሬ በአጠናና በሞራሌነቱ ነው የምናውቀው። ችግሩ ሲደርቅ ነው። በጣም ይሸበሸባል፣ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ወጣቱ ዛፍ ደግሞ ይብሳል። የእርስዎ ያረጁ ስለሆኑ ዕድለኛ ነዎት።

ቆርጠው ያስሰንጥቁት። በዚያው ዕለት የጣውላውን ሁለት ጫፎች ያረጀ ቀለም ይቀቡት፣ ውሃው በጫፍ በኩል ፈጥኖ እየወጣ ነው የሚሰነጥቀው። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገው፣ በየመሐሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገቡ ይደርድሩት፤ ቀጫጭኖቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። ቆርቆሮ ጥላ ይኑረው፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያግኘው። ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ለእያንዳንዱ 2 ሴንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ይቁጠሩ፤ የቆየ የአናጢ ልማድ ነው። 5 ሴንቲ ጣውላ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። የሱሉልታ ብርድና ጉም አያፋጥነውም፣ በዝግታ መድረቁ ግን ለባሕር ዛፍ ይበጀዋል።

መድረቁን መገመት አያስፈልግም፣ ይመዘናል። ከጣውላው መሐል፣ ከጫፍ ራቅ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው በኩሽና ሚዛን ይመዝኑት። 460 ግራም ሆነ እንበል። 100 ዲግሪ በሆነ ኦቭን ውስጥ ያድርቁት፣ በየሰዓቱ ይመዝኑት፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም 400 ግራም ቀረ እንበል። 60 ግራም ውሃ ነበረው፤ 60 ለ400 ሲካፈል 15 በመቶ። ለቤት ውስጥ ደረጃ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው የሚሠራው። 15 ከሆነ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደረጃው በሚገባበት ቤት ውስጥ ይተኛ።

የጎረቤትዎ ደረጃ የሆነውም ይሄው ነው። በክረምት እርጥበት የጠጣ እንጨት ተገጥሟል፣ በበጋ ደረቅ አየር ሲሸበሸብ መሄጃ አጥቷል። እንጨት በርዝመቱ አይጠብም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ነው የሚጠበው። 30 ሴንቲ ወርድ ያለውን መርገጫ ከአንድ ሰፊ ጣውላ ከመሥራት 10 ሴንቲ የሆኑ ሦስት ጣውላዎችን በኮላ ማጣበቅ ይሻላል፣ አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። ሲታሰርም በፊተኛው ጠርዝ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። በኋለኛው ጠርዝ የቪቴው ቀዳዳ ትንሽ ሞላላ ይሁን፣ እንጨቱ ሲጠብና ሲሰፋ የሚንሸራተትበት ያገኛል። ፊትና ኋላው የተቸነከረ መርገጫ ግን የሚሄድበት ስለሌለው መሐሉ ይሰነጠቃል።

ዋንዛን በተመለከተ፣ እንጨቱ ሸጋ ነው፣ ሲሠራ ልስልስ፣ ብዙም አይጣመምም። ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው። ሻጩ ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው አይግዙ። ዋንዛ ካማረዎት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሂዱ። ከፈረሱ ቤቶች የወጡ አሮጌ በሮችና ጣውላዎች አይጠፉም። ለብዙ ዓመታት ደርቀው ስለቆዩ መጣመማቸውን ጨርሰዋል። ሚስማሩን ብቻ በደንብ ያስለቅሙ፣ የመላጊያ ማሽን ጥርስ ይሰብራል። ግራቪሊያ ለቋሚዎቹ ይሆናል፣ መርገጫ ላይ ግን ለስላሳ ነው፣ የጫማ ተረከዝ ይጎደጉደዋል። ለመደገፊያው ወይራ ካገኙ ምንም አይወዳደረውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የደረጃው እግር አፈር ወይም እርጥብ ሊሾ እንዳይነካ፣ ምስጥ በዚያ ነው የሚገባው። ከሥሩ የላሜራ ጫማ ይደረግለት።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነኝ። የእንጨት ደረጃችን ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል፣ በተለይ በበጋ። ሌሊት ሕፃን ይቀሰቅሳል። መፍረስ አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ድምፁ የሚመጣው መርገጫው ከሥሩ ካለው ጣውላ ጋር ወይም ከራሱ ሚስማር ጋር ሲፋተግ ነው። በበጋ እንጨቱ ጠቦ ክፍተት ይፈጥራል። አንድ ሰው ከላይ ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ አንቺ ከሥር ሆነሽ የሚንቀሳቀሰውን በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ከሥር መግባት ከተቻለ፣ መርገጫውና የፊቱ ጣውላ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ እንጨት በኮላና በቪቴ ይታሰር። ሚስማር አይጨመር፣ ሚስማር ወዲያው ይላላል። ሥሩ በጂፕሰም የተዘጋ ከሆነ ከላይ በቀጭን ድሪል ቀዳዳ ከፍታችሁ ቪቴ እሰሩ፣ ራሱን በተመሳሳይ እንጨት ድፈኑት። ለጊዜው ክፍተቱ ውስጥ ታልክ ፓውደር ብትነሰንሺበት ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ ቤት ገዝተን ገባን። የደረጃው መደገፊያ ሥር ያሉት እንጨቶች አግድም የተሠሩ ናቸው፣ ያምራል። የሁለት ዓመት ልጃችን ግን መውጣት ጀመረ።

መልስ፦ ይሄ ነገ ሳይሆን ዛሬ የሚሠራ ነው። አግድም እንጨት ለልጅ መሰላል ነው። ከአግድሞቹ ላይ፣ በደረጃው በኩል፣ ለስላሳ ኮምፔርሳቶ ወይም የሚያሳይ ፕላስቲክ ሉህ በቪቴ አሳስሩ፣ እግር የሚያስገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር። ላይኛው ወለል ላይ ያለው መከለያ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍታ ይኑረው።

ስትቀይሩት ቋሚዎቹ ቁልቁል ይሁኑ፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ አይብለጥ። 27 ሴንቲ በሆነ መርገጫ ላይ ሁለት ሁለት ቋሚ ብታቆሙና የቋሚው ውፍረት 4 ሴንቲ ቢሆን ክፍተቱ 9 ሴንቲ ተኩል ይመጣል። ውፍረቱን ወደ 3 ካወረዳችሁት ግን 10 ሴንቲ ተኩል ሆኖ ከልኩ ያልፋል። ብዙ አናጢ እንጨት ለመቆጠብ እዚህ ጋ ነው የሚቀንሰው፣ ቆማችሁ አስለኩ። ለልጁ በግድግዳው በኩል 60 ሴንቲ ከፍታ ላይ ቀጭን መደገፊያ ጨምሩለት፣ ከግድግዳው 4 ሴንቲ ይራቅ፣ እጁ በደንብ እንዲጨብጠው።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አለኝ። ዕቃ ማስቀመጫ ቆጥ ሠርቻለሁ፣ 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ላይ። ለደረጃ ያለኝ ቦታ 1 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። መሰላል ሰልችቶኛል። መደበኛ ደረጃ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ መደበኛ አይሆንም ወንድሜ። በ10 ቁመት ብታካፍለው እያንዳንዱ 24 ሴንቲ ይሆናል፣ ለ9 መርገጫ ያለህ ቦታ ደግሞ ለአንዱ 13 ሴንቲ ብቻ ነው። ተረከዝህ አየር ላይ ይቀራል።

ለዚህ የሚሆነው ግራ ቀኝ እየተፈራረቀ የተቆረጠ ደረጃ ነው። አንዱ መርገጫ በግራ በኩል ሰፊ፣ በቀኝ በኩል የተቆረጠ፤ ቀጣዩ የዚያ ተቃራኒ። እግርህ የሚወጣው በየተራው ሰፊው ላይ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው መርገጫ ጉልበትህንም ተረከዝህንም አያግደውም። የሚረገጠው ጥልቀት ወደ 26 ሴንቲ ይደርሳል። ሁልጊዜ በአንድ እግር መጀመር አለብህ፣ በጥቂት ቀን ትለምደዋለህ። አንተና ሠራተኛህ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ደንበኛ እንዳይወጣበት።

በሁለቱም በኩል መደገፊያ ይኑር፣ እጅህ ባዶ ይሁን። ከባድ ዕቃ ይዘህ አትውጣ፤ ቆጡ ጠርዝ ላይ ትንሽ በካራ አስገጥምና በገመድ ሳበው። የደረጃው አናት በላሜራ አንግል ቆጡ ላይ በቡሎን ይታሰር፣ እግሩ ሥር ጎማ ይደረግ። መደገፊያዎቹ ደግሞ ቆጡ ጠርዝ ጋ ደርሰው እንዳያበቁ፤ ከቆጡ ወለል 1 ሜትር ከፍ ብለው ይቁሙ፣ ስትወርድ መጀመሪያ የምትይዘው እነሱን ነው።